የናስካሩ ቁጥር 3፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ሰላም ጎበዝ። ሻርሎት፣ ሰሜን ካሮላይና ከገባሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። እዚህ አገር ሰው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ናስካር የሚባለውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሞላላ ሜዳ ላይ የሚዞረውን የመኪና ውድድር ያያል፣ እኔም በጎረቤት ተለከፍኩ። ስለ ቁጥር 3 መኪናና ስለነዱት ሰዎች ጠይቁ። አስቀድሜ አንድ ነገር፦ ቁጥሩ ጡረታ አልወጣም፣ ማለትም ለማንም እንዳይሰጥ አልታገደም። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

መሪ ጨባጭ፦ ጋሼ፣ ቁጥሩ በእሱ ዝነኛ የሆነው ሹፌር የዴል ኧርንሃርት ቤተሰብ ንብረት ነው አይደል?

አይደለም። የናስካር ነው። ናስካር ለቡድን ባለቤት ይፈቅዳል፣ ባለቤቱ ለሹፌሩ ይሰጣል። ሹፌር ቡድን ሲቀይር ቁጥሩን በኪሱ ይዞ አይሄድም። ቁጥር 3ን ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የያዘው ሪቻርድ ቺልድረስ ነው፣ ያኔ ራሱ ይነዳ ነበር።

የአትላንታ ልጅ፦ ከኧርንሃርት በፊት የሚታወቅ ሰው ነድቶታል?

ተባረክ! ሁሉም ታሪኩን ከኧርንሃርት ነው የሚጀምረው። በ1958 ዴይቶና ላይ ውድድሩ ገና ባሕር ዳር አሸዋ ላይ በነበረ ጊዜ፣ የመጨረሻውን የአሸዋ ውድድር ያሸነፈው ፖል ጎልድስሚዝ በቁጥር 3 ፖንቲያክ ነው። መኪናውን ያዘጋጀው ስሞኪ ዩኒክ፣ ሕግ ውስጥ ቀዳዳ በመፈለግ የሚስተካከለው ያልነበረ መካኒክ። በ1963 ደግሞ ጁኒየር ጆንሰን በቁጥር 3 ሼቭሮሌት 7 ጊዜ አሸነፈ። ይሄ ሰውዬ መንዳት የተማረው አረቄ ሲያመላልስ ነው። ቤተሰቡ ጫካ ውስጥ አረቄ ያወጣ ነበር፣ እሱ ሌሊት በመኪና ከፖሊስ እያመለጠ ያደርሳል። መንገድ ላይ ግን ይዘውት አያውቁም፣ የተያዘው አባቱ አረቄ የሚያወጡበት ቦታ ላይ ነው። 11 ወር ታሰረ። በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን ምሕረት አደረጉለት። አረቄ አውጪ ዘመድ ያለው ሰው ይሄን ታሪክ ሳይወድ አይቀርም።

በ1981 መሃል ቺልድረስ ከመሪው ወርዶ ለኧርንሃርት ለቀቀለት። በ1982 እና 1983 ግን የነዳው ሪኪ ራድ ነው። ለቡድኑ የመጀመሪያውን ድል ያመጣው ራድ ነው፣ በ1983 ሪቨርሳይድ ላይ። ይሄን ሁሉም ይረሳል። ኧርንሃርት በ1984 ተመለሰ፣ እስኪሞት አልወረደም።

ብርሃኔ፦ ጎበዝ ነበር?

ጎበዝ ማለት ምን ማለት ነው? 7 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፣ 6ቱ በቁጥር 3። ጥያቄ ስትጠይቁ ለየት አድርጋችሁ ጠይቁ።

ቀይ ፈረስ፦ ይቅርታ ግን ወደ ግራ ብቻ መታጠፍ ምኑ ነው ስፖርት? ፎርሙላ ዋን እዩ።

መሪ ጨባጭ፦ አንተ ቀለበት መንገድ ላይ ቀጥ ብለህ መሄድ ያቅትሃል።

ቀይ ፈረስ፦ ሹማከርም 7 ጊዜ ነው፣ ያውም ግራም ቀኝም እየታጠፈ።

ሁለታችሁም ሌላ ቦታ ሂዱ። ቀይ ፈረስ፣ ለአንተ ግን ታላዴጋ የሚባለው የውድድር ሜዳ ላይ የሆነውን ልንገርህ። ጥቅምት 2000 ነው። አምስት ዙር ሲቀር ኧርንሃርት 18ኛ ነበር። እዚያ ከፊትህ ያለው መኪና ንፋሱን ይቀድልሃል፣ ሯጮቻችን ከፊት ሰው ጀርባ ተደብቀው እንደሚሮጡት ማለት ነው። ከኋላ የሚገፋህ ካገኘህ ደግሞ ሁለታችሁም ትፈጥናላችሁ። ኬኒ ዋላስ ከኋላ ገፋው፣ በመኪኖቹ መሃል እየተሹለከለከ መጥቶ አንደኛ ወጣ። 76ኛ ድሉ ነበር። የመጨረሻውም ሆነ።

ሰላማዊት፦ እንዴት ሞተ?

የካቲት 2001፣ ዴይቶና 500 (የናስካር ትልቁ ውድድር)፣ የመጨረሻው ዙር፣ የመጨረሻው መታጠፊያ። ሦስተኛ ሆኖ ከኋላ የሚመጡትን እየዘጋ ነበር። ከሌላ መኪና ጋር ተነካካና ግድግዳውን መታ። ከፊት የነበሩት ሁለቱ እሱ ራሱ ባለቤት የሆነበት ሌላ ቡድን መኪኖች ነበሩ (የሚነዳው ግን ለቺልድረስ ነው)፣ አሸናፊው ማይክል ዋልትሪፕ፣ ሁለተኛው የገዛ ልጁ። የራስ ቅሉ ሥር ተሰበረ። አንገትና ጭንቅላት የሚይዘውን መሣሪያ አላደረገም ነበር፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ግዴታ ሆነ።

የነካውን ስተርሊንግ ማርሊንን ገዳይ የምትሉ ካላችሁ እዚህ አትጻፉ። የኧርንሃርት ልጅ ራሱ ወጥቶ ተከላክሎለታል።

የአትላንታ ልጅ፦ ከዚያ ቁጥሩ ጡረታ ወጣ ማለት ነው?

አልወጣም አልኩ እኮ! ቺልድረስ አስቀመጠው። ያንኑ መኪና ነጭ ቀብቶ፣ 29 ጽፎበት ለኬቪን ሃርቪክ ሰጠው። ሃርቪክ በሦስተኛ ውድድሩ፣ እናንተ ከተማ አትላንታ ላይ፣ ጄፍ ጎርደንን በ0.006 ሰከንድ ቀደመው። ሦስት ጣቱን በመስኮት አውጥቶ ዞረ። በዚያ ዓመት ሦስተኛው ዙር ላይ ተመልካቹ ሦስት ጣት ያነሣ ነበር፣ የቴሌቪዥን አስተላላፊዎቹም ዝም ይሉ ነበር።

መሪ ጨባጭ፦ በ2014 ለኦስቲን ዲለን መስጠት ግን ነውር ነው። የልጅ ልጁ ስለሆነ ብቻ!

ሰላማዊት፦ የአያቱ ንብረት ለማን ይሰጥ ታዲያ?

መሪ ጨባጭ፦ ለማንም። ይቀመጥ።

የቺልድረስ የልጅ ልጅ ነው፣ የኧርንሃርት አይደለም፣ እንዳታደባልቁ። ልጁ በቁጥር 3 በታችኞቹ ሁለት ሊጎች ሻምፒዮን ሆኖ ነው የመጣው። በ2018 ዴይቶና 500ን አሸነፈ፣ ኧርንሃርት በ20ኛ ሙከራው ካሸነፈበት ከ1998 ልክ 20 ዓመት በኋላ። በ2024 ሪችመንድ ላይ የሁለት ተወዳዳሪዎችን መኪና ገጭቶ ማሸነፉን ግን አልከላከልለትም።

ብርሃኔ፦ ትንንሾቹን የመጫወቻ መኪኖች በስንት ልግዛ?

አላውቅም።

ሰላማዊት፦ ለፋሲካ ሻርሎት እመጣለሁ። መኪናውን የት ነው የማየው?

ዌልካም የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ ስሟ ራሱ እንኳን ደህና መጣሽ ይላል። የቺልድረስ ሙዚየም እዚያ ነው። ስትመለሺ ካናፖሊስ ጎራ በይ፣ ኧርንሃርት ተወልዶ ያደገባት ከተማ ናት፣ ሐውልቱ መሃል ከተማ ቆሟል። ከመሄድሽ በፊት የሚከፈትበትን ቀን አጣሪ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ አሁን ነው የገባሁት። ቁጥር 3 ጡረታ ወጥቷል የሚባለው እውነት ነው?

ከላይ ጀምረህ አንብብ ወንድሜ። እኔ ሥራ ገባሁ።