ምሳ ሰዓት ላይ አልከፈት ያለው ፌስቡክ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ገላን ባለ አንድ ፋብሪካ ቢሮ ነው የምሠራው። ኔትወርኩን ይዞት የነበረው ልጅ ሥራ ሲለቅ ስኩዊድ የሚባለውን ፕሮክሲ (ቢሮው ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበትን በር የሚቆጣጠር ፕሮግራም) እኔ ላይ ጥሎት ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «ፌስቡክና ቲክቶክ ይዘጋ፣ ምሳ ላይ ከ6 እስከ 7 ሰዓት ግን ይከፈት» አሉ። መጀመሪያ የመዝጊያውን መስመር ከሁሉም በታች ጨመርኩት፣ ምንም አልዘጋ አለ። ወደ ላይ ሳወጣው ተዘጋ፣ ግን ምሳ ሰዓትም አይከፈትም። ሰዓቱን 6:00-7:00 ብዬ ጽፌያለሁ። በዚያ ላይ ሠራተኛው «ኢንተርኔት ጠፋ» እያለ ቀኑን ሙሉ ይደውልልኛል። ምን ይሻለኛል?
የቸገረው፣ ከገላን

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፕሮክሲው አልተበላሸም። ያዘዝከውን ነው የሚሠራው።

ስኩዊድ አንድ ጥያቄ በመጣ ቁጥር የፈቃድና የክልከላ መስመሮቹን ከላይ ወደ ታች ያነባል። የሚመለከተውን የመጀመሪያውን መስመር እንዳገኘ እዚያው ይወስናል፣ የቀረውን ዞር ብሎ አያየውም። «የቢሮው ኔትወርክ ይፈቀድ» የሚለው መስመር ከላይ ካለ የቢሮው ሰው ሁሉ እዚያው አለፈ ማለት ነው። ከታች የጻፍከውን ክልከላ ማን ያነብበዋል? ወደ ላይ ስታወጣው ደግሞ ተራው የምሳው ፈቃድ ሆነ፣ ከክልከላው ሥር ተቀበረ።

እንዲህ ደርድረው። አንደኛ፣ ቢሮው፣ ማኅበራዊ ገጾቹና የምሳ ሰዓቱ በአንድ መስመር ላይ ሆነው ይፈቀዱ፤ በአንድ መስመር ላይ ያሉት ሁኔታዎች ሁሉም ካልተሟሉ መስመሩ አይሠራምና ከምሳ ውጭ ይዘለላል። ቀጥሎ ማኅበራዊ ገጾቹ ይከልከሉ። ከዚያ ቢሮው ይፈቀድ። በመጨረሻ ሁሉም ይከልከል። ይቺን የመጨረሻዋን እንዳትረሳት፣ ምክንያቱም ስኩዊድ የሚመለከተው መስመር ካጣ የመጨረሻውን መስመር ተቃራኒ ነው የሚያደርገው፤ ፋይሉ «ሁሉም» በማይል ክልከላ ካለቀ ይፈቅዳል ማለት ነው፣ ያልጠበቅከው በር ይከፈታል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። 6:00 ብለህ የጻፍከው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ስኩዊድ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን 24 ሰዓት ነው። ስለዚህ ሌላው ቢስተካከልም ፌስቡክን የሚከፍትልህ ከንጋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት፣ ሠራተኛው ቃሊቲ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ እያለ ነው። የሚጠቀምበት ቢኖር ጥበቃው ብቻ ነው! 12:00-13:00 ብለህ አርመው። የሰርቨሩ ሰዓትም በአዲስ አበባ መቀመጡን አረጋግጥ። በዩቲሲ (በዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ ከተተወ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚሆን ምሳው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይጀምራል።

«ኢንተርኔት ጠፋ» የሚሉህም አልዋሹም። ኤችቲቲፒኤስ (መልእክቱን የሚመሰጥረውን አሠራር) በሚጠቀም ገጽ ላይ ብሮውዘሩ ፕሮክሲውን «ወደዚህ ስም፣ በ443 ፖርት (የመግቢያ ቁጥር)፣ ግንኙነት ክፈትልኝ» ብቻ ይለዋል። ፕሮክሲው ቢከለክልም የክልከላ ማስታወቂያህን ብሮውዘሩ አያሳይም፣ የራሱን የግንኙነት ስህተት ነው የሚያወጣው። ሰው ገመድ የተነቀለ ይመስለዋል። ሎጉን (የስኩዊድን መዝገብ) ክፈት፣ «ቲሲፒ ዲናይድ» ከ403 ጋር ካየህ የከለከልከው አንተው ነህ። በወረቀት አትመህ ግድግዳ ላይ ብትለጥፍ ስልኩ ይቀንስልሃል። በዚሁ ምክንያት ከፌስቡክ አንዱን ገጽ ፈቅደህ ሌላውን መዝጋት አትችልም፤ የሚታይህ የድረ ገጹ ስም ብቻ ነውና።

ሥራ አስኪያጁ ለእሳቸው ሁልጊዜ ይከፈት እንደሚሉ ደግሞ ከወዲሁ እነግርሃለሁ። የእሳቸውን ኮምፒውተር አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ቋሚ አድርገህ ከክልከላው በላይ ፍቀድላቸው።

ሠራተኛው የፕሮክሲውን ሴቲንግ አጥፍቶ በቀጥታ እንዳይወጣ ፋየርዎሉ ላይ ከፕሮክሲው በቀር ሌላ ኮምፒውተር ወደ ውጭ በ80 እና በ443 እንዳይሄድ ዝጋ። በስልካቸው ዳታ የሚገቡትን ግን ተዋቸው፣ እነሱ በአንተ በር አያልፉም።

ሌላው፣ ከምሳ በኋላም ቲክቶክ የሚያይ ሰው ብታገኝ አትደንግጥ። ስኩዊድ ፈቃዱን የሚያየው ግንኙነቱ ሲከፈት ነው። በእኛ አቆጣጠር 6:55 ላይ የተከፈተው 7 ሰዓት ስለሞላ አይቆረጥም፣ እስኪዘጋ ይቀጥላል። አለቃህ ከጠየቁህ ይህንኑ ንገራቸው።