ወንጀሉን የማያስታውስ ሰው ይከሰሳል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ታናሽ ወንድሜ በመኪና አደጋ ጭንቅላቱን ተመትቶ የዚያን ቀን ነገር ጨርሶ አያስታውስም። ዐቃቤ ሕግ ግን «ሰው በዱላ ፈንክቶ ሲሸሽ ነው የተጋጨው» ብሎ ከሶታል። በቅርቡ «ክራይም ዶክተር» የሚለውን የ1943 ፊልም አይቼ ተስፋ አደረግኩ። እዚያ የረሳው ሰውዬ በመጨረሻ ቤቱ ይገባል። ወንድሜስ? ያለው ግሪን ካርድ ነው።

መልስ፦ ፊልሙን እኔም እወደዋለሁ። ዋርነር ባክስተር የሚጫወተው ዶክተር ኦርድዌይ ማንነቱን ረስቶ፣ ተምሮ የአእምሮ ሐኪም ይሆናል። በኋላ የወንበዴ አለቃ እንደነበር ትዝ ይለዋል። ልብ ይበሉ፣ ፊልሙም ቢሆን ነፃ አላወጣውም። ጥፋተኛ ተብሎ፣ የእስራት ቅጣቱ ታግዶለት በገደብ ነው የተለቀቀው።

መርሳት ብቻውን ክስ አያስቀርም። ዳኛው የሚጠይቀው ተከሳሹ ዛሬ ክሱ ይገባዋል ወይ፣ ከጠበቃው ጋርስ መሥራት ይችላል ወይ ብሎ ነው። እዚያው ዲሲ እ.ኤ.አ. በ1964 ፋርማሲ ዘርፎ ሲያመልጥ ከዛፍ ጋር ተጋጨ የተባለ ዊልሰን የሚባል ተከሳሽ ነበር። ራስ ቅሉ ተሰንጥቆ ሳምንታት ራሱን ሳተ፤ ሲነቃ ምንም አያስታውስም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1968 «ይህ ችሎቱን አያስቆምም» አለ። ሆኖም መዝገቡን መልሶ፣ የሥር ዳኛው ችሎቱ ለተከሳሹ ፍትሐዊ ነበር ወይ የሚለውን በዝርዝር እንዲመረምር አዘዘ። የዚያን ቀን ሁኔታ ያለ እሱ ቃል ከሌላ ማስረጃ ማወቅ ይቻላል ወይ? ዐቃቤ ሕግስ በዚህ ረገድ ተባብሯል ወይ? የወንድምዎ ጠበቃ በዚህ በኩል ይግፋ። የሆስፒታል መዝገብ፣ የካሜራ ምስልና የስልክ ዝርዝር ሳይጠፋ ይሰብሰብ።

ሁለት ነገር አደራ። ወንድምዎ ሰው የነገረውን ይዞ «እኔ ሳልሆን አልቀርም» እንዳይል። አያስታውስም አይደል? ዝም ይበል። ሌላው፣ እንደ ፊልሙ ሐኪምና መርማሪ አንድ ሰው እንዳይመስለው። ፍርድ ቤት የሚልከው የአእምሮ ሐኪም ሪፖርት የሚጽፈው ለዳኛው ነው፤ የሚያክመው ሐኪሙ አይደለም። ስለዚህ እሱ ዘንድ ከመቅረቡ በፊት ጠበቃውን ያማክር።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግሪን ካርዱ ነው። ለኦርድዌይ ምሕረት የሆነው ገደብ ለወንድምዎ የመባረር ምክንያት ሊሆን ይችላል። የኢሚግሬሽን ሕግ የታገደውንም እስራት እንደ እስራት ይቆጥረዋል። የኃይል ወንጀል ሆኖ አንድ ዓመት ከተፈረደበት፣ አንድ ቀን ባይታሰርም፣ ከከባዶቹ ወንጀሎች ሊመደብ ይችላል። 364 ቀን ከሆነ ግን ከዚያ ምድብ ይወጣል፤ በሌላ በኩል መባረር ሊመጣ ቢችልም።

ከ2010 ጀምሮ የወንጀል ጠበቃ ይህን የመባረር ጣጣ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት። ካልነገራችሁ ጠይቁት። ወንድምዎ የትኛውንም ስምምነት ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን የኢሚግሬሽን ጠበቃም ይየው።