በሬውን የገደለው አንበሳ መሆኑን በምን አወቃችሁ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። አጎትህ ኮንታ በኩል ከጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ጠርዝ እንደሚኖሩ፣ በዚህ ክረምት አንድ በሬና በርከት ያሉ ፍየሎች እንዳለቁባቸው፣ ጎረቤቶቻቸው «ፓርኩ አንበሳ አምጥቶ ለቀቀብን» ብለው ሥጋ ላይ መርዝ ሊያደርጉ እንደተመካከሩ፣ አንተም ጅማ ተቀምጠህ ምን እንደምትመክራቸው ግራ እንደገባህ ጽፈሃል። የመለሱልህን ሰዎች አየሁ። ግማሹ «ሰው ይቅደም፣ ጨርሷቸው» ይላል፣ ግማሹ «አንበሳ የአገር ቅርስ ነው» እያለ ይሰብካል። በሬው እንዴት እንደሞተ የጠየቀህ ግን አንድም የለም።

ሙያዬ የእንስሳት ጤና ነው። ከጎጀብ ወንዝ ወዲህም ወዲያም ሠርቻለሁ፣ አሁን እዚሁ ጅማ ነኝ። «አውሬ ፈጀብኝ» ተብሎ ተጠርቼ ከሄድኩባቸው ቤቶች ገዳዩ በእርግጥ አንበሳ ሆኖ የተገኘው በጣም በጥቂቱ ነው። አብዛኛው የጅብ ሥራ ነው። ቀሪው የነብር ወይም የባዘነ ውሻ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ በበሽታ ሞቶ ያደረ ነው። ሰው ጠዋት የሚያየው የተበላ በድን ስለሆነ የበላው ሁሉ የገደለው ይመስለዋል።

ልዩነቱን ማወቅ ከባድ አይደለም። ነብር ጉሮሮ ነው የሚይዘው። አንገቱ ላይ ቆዳውን ገፈህ ብታይ ጥንድ ጥንድ የጥርስ ቀዳዳና ዙሪያውን የቋጠረ ደም ታገኛለህ። ከዚያ ጎትቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ይሸሽገዋል ወይም ዛፍ ላይ ያወጣዋል። አንበሳም ጉሮሮ ወይም አፍና አፍንጫ አፍኖ ይገድላል፣ ግን የጥርሱ ርቀት ሰፊ ነው፣ ዳናውም ትልቅ ነው። ጅብ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለውም። ከኋላና ከሆድ ጀምሮ ይዘለዝላል፣ አጥንቱንም ይቆረጥማል። ጠዋት የሚጠብቅህ የራስ ቅልና የፈርስ ክምር ነው። ብዙ በግ እግርና ጭኑ ተነክሶ፣ ሳይበላ ቆስሎ ከተገኘ ደግሞ መጀመሪያ የመንደሩን ውሾች ጠርጥር። የነብርና የአንበሳ ዳና ላይ ጥፍር አይታይም፣ የጅብና የውሻ ላይ ይታያል። ሞቶ ከቆየ በኋላ የተበላ እንስሳ ደግሞ በንክሻው ዙሪያ ከቆዳው ሥር ደም አይቋጥርም። ይህቺን አንዷን ነገር ብቻ አጎትህ ቢይዟት ብዙ ክርክር ይቀርላቸዋል።

አንድ አደራ ግን አለኝ። ሳይታመም ድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ያልረጋ ጥቁር ደም የሚፈሰው ከብት ከሆነ ቢላ እንዳታስነኩት፣ ሥጋውንም እንዳትከፋፈሉት። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። በድኑ ሲከፈት ተሕዋሲው አፈር ውስጥ ገብቶ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፣ ሰውም ይገድላል። እንዲህ ሲሆን ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ሰው ላኩ።

የበሬው ነገር ላይ ሌላም ጥርጣሬ አለኝ። የጎጀብና የኦሞ ቆላ የገንዲ፣ ማለትም የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው የከብት በሽታ አገር ነው። ገንዲ የያዘው በሬ ይከሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ከመንጋው ወደኋላ ይቀራል፣ አመሻሽ ላይ በረቱ ሳይደርስ ይተኛል። ያን ጊዜ ጅብም ይጨርሰዋል፣ አንበሳም ይጥለዋል። አጎትህን ባገኛቸው መጀመሪያ የምጠይቃቸው በሬው ከመሞቱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ከስቶ ነበር ወይ ብዬ ነው። ከስቶ ከነበረ የቀሩት ከብቶች ደማቸው ይታይ፣ ይታከሙ። በመርዝ አንበሳ ብትገድሉ የቆላ ዝንቡ አይቀንስም።

«አምጥቶ ለቀቀ» የሚለውን ወሬ እኔም ሻይ ቤት ሰምቼዋለሁ። ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፣ አንበሳው ግን ከዚያ በፊትም እዚያው ነበር፤ አጎትህ በልጅነታቸው ሲያገሳ ሰምተው እንደሆነ ጠይቃቸው። የፓርክ ሰዎችም ቢሆኑ የገበሬውን ቃል ቀለል አድርገው ማየት ይቀናቸዋል። እዚሁ ካፋ ጫካ ውስጥ አንበሳ እንዳለ ማር ቆራጩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ከተሜው ያመነው እ.ኤ.አ. በ2012 ፎቶ ሲነሳ ነው። «ነብር ነው የበላብኝ» ያለ ሰው መጀመሪያ ሊሰማ ይገባል፣ ከዚያ አብሮ ሄዶ ማየት ነው።

ወደ መርዙ ልምጣ። ማላታይን የተባለውን የተባይ መርዝ ሥጋ ላይ ቀብቶ ያስቀመጠ ሰው ማን እንደሚበላው መምረጥ አይችልም። በኔ ልምድ ቀድሞ የሚሞተው የባለቤቱ ውሻ ነው፣ ማለትም ሌሊት ጅብ ሲመጣ የሚጮኸው። ከዚያ ጥንብ አንሳው ይከተላል። በአገራችን ካሉት ጥንብ አንሳዎች ብዙዎቹ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ናቸው፣ አፍሪካ ውስጥ ዋናው ምክንያትም ለአውሬ የተቀመጠ መርዝ ነው። የጥንብ አንሳ ሥራ የሞተ ከብት ቶሎ ማጽዳት ስለሆነ እሱ ሲጠፋ በድኑ ለውሻና ለጅብ ይቆያል። ሕጉም አለ፦ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደል ወንጀል ነው።

ነብር ሲያልቅ የሚመጣውንም አስቡ። ጌራ ጫካ ዳር ያለ ገበሬ ዋና ጠላትህ ማነው ቢባል ነብር አይልም፣ ዝንጀሮና ከርከሮ ነው የሚለው። በቆሎ ሲደርስ ልጆች ከትምህርት ቀርተው ይጠብቃሉ። ጋና ውስጥ አንበሳና ነብር ከጠፉባቸው ፓርኮች ዝንጀሮ እንደተባዛ በጥናት ታይቷል። የእኛ አገር ጫካ ልክ እንደዚያ ይሆናል ብዬ አልምልም፣ ግን እኔ አልሞክረውም።

አሁን የጥበቃ ሰዎቹን ደግሞ ልንካቸው። መቀሌ ላይ የተሠራ ጥናት በከተማዋ ዙሪያ ያሉ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የበድን ቆሻሻ እንደሚያነሱ፣ በዚህም አባ ሰንጋንና የከብት ቲቢን እንደሚቀንሱ አስልቷል። እውነት ነው፣ ጅማም ሌሊት የሚጮኸው ጅብ የሥጋ ቤቱን አጥንት ይጠርግልናል። ይህን ለአጎትህ ብትነግራቸው ግን ይስቁብሃል፣ ትክክልም ናቸው። ጥቅሙ የከተማው ነው፣ የሞተችው ፍየል የሳቸው ናት። ሎጅ የሚያድረው እንግዳ አንበሳ አየሁ ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ሌሊት የሚነቃው እረኛ ከዚያ ገንዘብ ስንት እንደደረሰው ጠይቅ። ጠቡ በሰውና በአውሬ መካከል ነው ሲባል አይዋጥልኝም። ወጪውን የሚከፍለውና ጥቅሙን የሚያገኘው ሰው የተለያዩ መሆናቸው ነው ነገሩን ያከረረው። መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ እስከዛሬ የቆየው በጠባቂ ብዛት አይደለም። ሣሩ መቼ ይታጨዳል፣ መቼ ይከለከላል የሚለውን ቄሮ በሚባለው የቆየ የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ራሱ ባለአገሩ ለዘመናት ስለወሰነ ነው።

ካሳ ቢባልስ ላልከው፣ በኛ አካባቢ ፍየሉ ለተበላችበት ሰው ገንዘብ ሲቆጠር አላየሁም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ሕግ ካሳ ፈቅዳለች፣ ክፍያው ግን ለዓመታት ሲጓተት ቆይቷል። ስለዚህ እኔ አጎትህ የካሳ ብር እየጠበቁ እንዲቀመጡ አልመክርም። ለጉረኖ የሚሆን ሽቦና ቆርቆሮ ቢጠይቁ ይሻላል። እሱ ቶሎ ይገኛል፣ ሐሰተኛ አቤቱታም አይበዛበትም።

ጉረኖውን ደግሞ በደንብ ይሥሩት። ጅብ በሩን ገፍቶ ወይም ከሥር ምሶ ይገባል፣ ነብር ከላይ ይዘላል። እሾህ ብቻ የተከመረበት አጥር አንዱንም አያቆምም። እንጨቱ ተጠጋግቶ ጠልቆ ይተከል፣ ሥሩ በድንጋይ ይሞላ፣ ላዩ ይከደን። በሩ ላይ ደግሞ ስስት አያስፈልግም፤ ባየኋቸው ቤቶች ሁሉ ማለት ይቻላል አውሬው የገባው በበሩ ነው። ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር፣ ከብት የአውሬ ሽታ ሲሰማ ደንብሮ አጥሩን ከውስጥ ሰብሮ ይወጣል፣ ጅብም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ወደ ውጭ የማያሳይና ከውስጥም ግፊት የሚችል ይሁን። ናይሮቢ ፓርክ ጠርዝ ያደገው ሪቻርድ ቱሬሬ ገና ልጅ ሳለ ሰው ባትሪ ይዞ የሚዞር የሚያስመስሉ ብልጭ ድርግም የሚሉ መብራቶች በበረቱ ዙሪያ ሰቅሎ አንበሳ አርቋል። እዚህ ጅማ ሄርማታ ገበያ በምታገኘው የፀሐይ መብራት መሞከር ይቻላል። ግን አውሬው እንዳይለምደው ቦታውን ቀያይሩት፣ ጉረኖውንም አይተካም።

የሞተ ከብት ከመንደር ዳር መጣል ይቁም፣ በጥልቀት ይቀበር። ጅብ የለመደው ነገር ሲቋረጥ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል፤ ትግራይ ውስጥ በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤት ሲዘጋ ጅቦች አህያ ወደ መብላት እንደሚያዘነብሉ ተመዝግቧል። መንደሩን ግብር ቤት ያደረገ ሰው በኋላ ፍየሉን ይከፍላል።

ኃላፊዎቹ የሚመጡት እንደተለመደው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፣ ሲመጡ ባዶ እጃችሁን አትጠብቋቸው። በሚቀጥለው ጊዜ እንስሳ ሲበላ በድኑን ማንም ሳይነካው፣ ዳናው አጠገብ ክብሪት ወይም እስክሪብቶ አስቀምጠህ በስልክ ይነሳ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ በረት ውስጥ ይሁን ግጦሽ ላይ፣ ማን እንዳየው ይጻፍና ለቀበሌውም ለፓርኩም ይሰጥ። ጎረቤቶቹም እንዲሁ ያድርጉ። አንድ ሰው ሲያለቅስ ይታለፋል፣ መንደሩ በሙሉ መዝግቦ ሲመጣ ግን «ወሬ ነው» ለማለት ይቸግራል።

የፍየሎቹን ብዛትና የጉረኖውን ስፋት ጻፍልኝ፣ ስንት ቋሚ እንጨትና ስንት ቆርቆሮ እንደሚፈጅ አብረን እናሰላዋለን። የበሬውንም ነገር ጠይቀህ ንገረኝ።