ለወጣት የዓይን ሐኪሞች፦ ቁስሉ የት እንዳለ እዩ

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

አልድን ያለ ቀይ ዓይን ይገጥማችኋል። ጠብታውን ቀያይራችኋል፣ ላቦራቶሪው ምንም አላገኘም፣ ታካሚው ግን እንደገና በሩ ላይ ነው። «ራሱ እያደረገው ይሆን?» የሚል ጥርጣሬ ይመጣል። መጠርጠር ነውር የለውም። ግን «ምክንያቱን አጣሁት» ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው ዓይኑ ላይ መታየት አለበት።

ስለዚህ ቁስሉ የት እንዳለ እዩ። ሰው ዓይኑን በራሱ እጅ ሲጎዳ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው የታችኛው ክፍልና ወደ አፍንጫ ያለው ጎን ነው። እጅ የሚቀናው እዚያ ነው፤ ላይኛውን ቆቡ ይከልለዋል። ጠርዙ ጥርት ብሎ ዙሪያው ጤነኛ ከሆነ ጠርጥሩ። ኢንፌክሽን አለመኖሩን ካረጋገጣችሁ ዓይኑን እንዳይነካ አድርጋችሁ ሸፍኑት። ከሽፋኑ ስር ቶሎ ከዳነ ብዙ ነገር ነገራችሁ ማለት ነው።

የማደንዘዣ ጠብታ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሕመሙን ያስታግሳል፣ የኮርኒያን (የዓይን ፊት ያለውን ብርሃን አሳላፊ ክፍል) የላይኛውን ሽፋን ግን እንዳይድን ያደርገዋል። ሲቆይ ቀለበት የመሰለ ነጭ ነገር ያወጣል። ይህ አካንታሜባ ከተባለ ጥቃቅን ተውሳክ ኢንፌክሽን ጋር ስለሚመሳሰል ልምድ ያለውንም ያሳስታል። «ቤት ውስጥ ምን ጠብታ አለ?» ብላችሁ በለሰለሰ ድምፅ ጠይቁ። ጠርሙሱን ደብቆ የያዘ ሁሉ አታላይ አይደለም፤ ብዙው ሕመም ሸሽቶ ነው።

ብሌኑ ብቻ ሰፍቶ ከመጣ ፒሎካርፒን የተባለው ብሌን አጥባቢ ጠብታ (1 በመቶ) ምክንያቱን ለመለየት ይረዳል። ዓይንን በሚያንቀሳቅሰው በሦስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ችግር የሰፋ ብሌን ይጠባል፤ በአትሮፒን፣ ማለትም በብሌን አስፊ ጠብታ፣ የሰፋው ንቅንቅ አይልም። ቆቡ ከወረደ ወይም ዓይኑ እንደ ልብ ካልዞረ ግን በጠብታ ጊዜ አታባክኑ፣ የጭንቅላት ምስል አስነሡ።

«ምንም አላይም» ለሚል ሰው ትልቅ መስታወት ፊቱ ላይ አወዛውዙ። ዓይኑ አብሮ ከሄደ ያያል።

ሲገባችሁ «ያዝኩህ!» አትበሉ፤ ተመልሶ አይመጣም። «ዓይንህ የመዳን አቅም አለው» በሉት፤ የአእምሮ ሐኪምም በእናንተ በኩል ይተዋወቀው። የተጎዳው ሕፃን ከሆነና የጎዳው እጅ የአሳዳጊው ከመሰለ ግን ልጁን መጠበቅ ይቀድማል።

ካርዱ ላይ ያያችሁትን ጻፉ። «አስመሳይ» ብላችሁ አትጻፉ። ያ ቃል በየሐኪሙ ክፍል ከሰውየው ቀድሞ ይገባል። ነገ እውነተኛ ግላኮማ ቢይዘው እንኳ የሚያምነው አያገኝም።