ካሮ-ካንን ከመተውህ በፊት ጂ6ን ተመልከት

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ይህ ነበር፦ «የቼዝ ውድድር ላይ በጥቁር ካሮ-ካን (ለነጭ ኢ4 በሲ6 የሚመለስበትን መክፈቻ) ጀመርኩ። ፈረሱ ጂ5 ላይ ሲመጣ በኤች6 ላባርረው ስል ኢ6ን በልቶ ጨረሰኝ። መክፈቻውን ልቀይር?»

አትቀይር። መክፈቻው ምንም አላደረገህም። የጎዳህ ኤች6፣ ማለትም የኤች7 ወታደርህን ወደ ኤች6 መግፋትህ፣ አንድ ተራ ቀድሞ መምጣቱ ነው።

ብቻህንም አይደለህም። እ.ኤ.አ. በ1997 ኒውዮርክ ላይ በጊዜው የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ጋሪ ካስፓሮቭ ከአይቢኤም ኮምፒውተር ከዲፕ ብሉ ጋር ባደረገው ስድስተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ያው ነገር ገጥሞታል። ሰባተኛው ተራ ላይ ኤች6 አለ፤ ኮምፒውተሩ ኢ6ን በፈረስ በላ። ካስፓሮቭ 19ኛው ተራ ላይ እጅ ሰጠ፤ ግጥሚያው 3.5 ለ 2.5 አለቀ። ማሽኑ እኮ መስዋዕቱን ቁጭ ብሎ አስልቶ አላመጣውም፣ ከተጫነለት የመክፈቻ መዝገብ ነው ያወጣው!

አሁን ጂ6ን ተመልከት። ይህን ቤት የሚጠብቁት ሁለት ወታደሮች ናቸው፣ የኤፍ7ና የኤች7። ኤች6 ስትል አንዱ ለቀቀ። ፈረሱን በኤፍ7 ስትበላ ሁለተኛውም ሄደ። የነጭ ቢሾፕ ከዲ3 ተነስቶ ጂ6 ላይ ቼክ ይላል፣ የሚበላውም የለም። ካስፓሮቭ መጀመሪያ ንግሥቱን ኢ7 ላይ አድርጎ ቀጥሎ ነው ፈረሱን የበላው። ንጉሡ ዲ8 ላይ ቀረ፣ ቢሾፑም ከንግሥቲቱ ጀርባ ኤፍ8 ላይ ታፈነ።

ስለዚህ መጀመሪያ ቢሾፕህን ዲ6 ላይ አውጣ። ኤፍ8 ለንጉሡ መሸሻ ይሆናል። ነጭ አብዛኛውን ጊዜ ንግሥት ኢ2 ይላል፤ ያኔ ኤች6 በል። ፈረሱ ኢ4 ላይ ይመለሳል፣ ፈረሶቹን ትበላላላችሁ፣ ኢ4 ላይ የቆመችውን የነጭ ንግሥት በፈረስ ኤፍ6 ታባርራለህ። እኔ ይህን ቦታ በውድድር ለዓመታት ተጫውቼዋለሁ፤ ትንሽ ጠባብ ቢሆንም ጠንካራ ነው። ማጥቃት የለመደ ሰው ግን ይሰለቸዋል፣ አልዋሽህም።

አንድ ወጥመድ ልጨምርልህ፣ በተለይ ፈጣን ጨዋታ ላይ ብዙ ሰው ስለሚበላበት። አራተኛው ላይ ፈረስ ዲ7 ካልክ በኋላ ነጭ ወዲያው ንግሥቱን ኢ2 ላይ ካስቀመጠ፣ የጂ8 ፈረስህን ወደ ኤፍ6 እንዳታወጣ። የነጭ ፈረስ ዲ6 ላይ ገብቶ ማት ያደርግሃል፤ የኢ7 ወታደርህ በነጭ ንግሥት ስለታሰረ (ከተነሳ ንጉሥህ ይጋለጣል) ሊበላው አይችልም። እዚያ ጋ የዲ7ን ፈረስ ወደ ኤፍ6 ውሰደው፤ ንግሥትህ ዲ6ን ማየት ትጀምራለች።