አለመቆጥቆጡ ነው የሚያስፈራው

ወንድሜ፣ አጎትህ የሥጋ ደዌ መድኃኒታቸውን ጨርሰው «ድነዋል» ከተባሉ በኋላ ግራ ዓይናቸው አልከደን እንዳለ ጽፈሃል። ስለማይቆጠቁጣቸው ውቂያው እስኪያልቅ እንጠብቅ ወይ ብለሃል። አትጠብቁ!

እኔም በዚሁ በሽታ ታክሜ የዳንኩ ነኝ፣ ቤቴም ከደብረ ማርቆስ አይርቅም። መድኃኒቱ ጀርሙን ይገድላል እንጂ የሞተ ነርቭ አያስነሳም። አንዱ ነርቭ ሲጎዳ የዓይን ቆብ አይከደንም፣ ሌላው ሲጎዳ ደግሞ ዓይኑ ራሱ ይደነዝዛል። ሁለቱ ከተገናኙ ጉድ ነው። አንድ ዓመት ጤፍ ስንወቃ እብቅ ገብቶ ብሌኔ ላይ ተለጥፎ ዋለ፤ እኔ እቴ፣ ምንም ሳይሰማኝ ከሰው ጋር ስቀልድ ነበር። ማታ ባለቤቴ መብራት አስጠግታ «አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህ እኮ ደም መስሏል!» ስትለኝ ነው ያወቅሁት። እንዲህ ያለው ጭረት ቆስሎ ጠባሳ ከጣለ ብርሃን ይወስዳል።

ቆቡ አልከደን ያለው በቅርቡ ከሆነ፣ ማለትም 6 ወር ካልሞላው፣ ፕሬድኒሶሎን በሚባል ኪኒን ሊመለስ ይችላል። ሐኪም እየተከታተለ፣ መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ለወራት የሚሰጠው ነው፤ ገዝቶ መዋጥ የለም። ከቆየም ቆቡ እንዲገጥም የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና አለ። የጎረቤት ጠብታ ግን አደራ፤ ስቴሮይድ የሚባል መቅላትና እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት ያለበት ከሆነ ቁስሉን ያባብሰዋል። ዓይናቸው ከቀላ፣ ብርሃን ከፈራ ወይም ማየት ከቀነሰ በዚያው ቀን ውሰዷቸው።

እስከዚያው ሲተኙ ዓይናቸውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑላቸው፣ ቀን መነጽርና ባርኔጣ ያድርጉ። እጃቸውም ከደነዘዘ ዓይናቸውን አይሹ፣ የሻከረ ጣት ይቧጭራል። ጠዋት ጠዋት መስታወት ይዩ፣ ወይም አንተ እይላቸው። እኔ መጨፈን እንዳልረሳ ባሕር ዛፍን ማስታወሻ አድርጌ፣ ባየሁ ቁጥር ዓይኔን አጥብቄ እጨፍናለሁ፤ ጎጃም ውስጥ ደግሞ ባሕር ዛፍ የት ይጠፋል! ሰው ሲያየኝ ይስቃል፣ ይሳቅ። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ዞሮ እንደሆነም ተመልከት፤ በእኛ በኩል ትራኮማውም አለ።

ጤና ጣቢያ ስትደርሱ የሥጋ ደዌ መድኃኒት እንደወሰዱ በግልጽ ይነገር። እሳቸው ካፈሩ አንተ ንገርላቸው፤ አለዚያ ተራ የዓይን ሕመም መስሏቸው ቅባት ሰጥተው ይመልሷችኋል።