ጥያቄና መልስ፦ ውቅያኖስ ልንሻገር ነው፣ ሶስት ሰው ብቻ ነን

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ከባልና ሚስት ጋር ሆኜ 12 ሜትር በምትሆን የሸራ ጀልባ ከካናሪ ደሴቶች ተነስተን አትላንቲክን አቋርጠን ካሪቢያን ልንሄድ ነው። ጀልባዋ የነሱ ናት፣ እኔ ረዳት ነኝ። እስካሁን በሸራ የሄድኩት የብስ እያየሁ ነው፣ ሌሊት ባሕር ላይ አድሬ አላውቅም። የሚያስፈራኝ ማዕበሉ ነው፣ ቤተሰቦቼ ደሞ አብደሃል ወይ እያሉኝ ነው። ምን ምን ልዘጋጅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ማዕበሉ ባጭሩ ልበልህና ልለፈው። የአትላንቲክ የሃሪኬን (የከባድ አውሎ ነፋስ) ወቅት ከጁን መጀመሪያ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ነው የሚባለው፣ ስለዚህ አብዛኛው ጀልባ ኖቬምበር መጨረሻ ወይ ዲሴምበርና ጃንዋሪ ላይ ነው ከካናሪ የሚነሳው። ያኔ ከሰሜን ምስራቅ የሚነፍሰው የንግድ ንፋስ ከኋላህ እየገፋ ይወስድሃል። ካሪቢያን እስካለችው ሴንት ሉሺያ ደሴት 2,700 ኖቲካል ማይል (5,000 ኪሎሜትር) ገደማ ነው፣ በቀን 130 ኖቲካል ማይል ከሄዳችሁ ሶስት ሳምንት ነው በቃ። ሌሊት ላይ ዝናብ ያዘለ ድንገተኛ ንፋስ ይመጣል፣ ለሱ መድሃኒቱ ሳይመሽ ሸራ መቀነስ ነው፣ ፍጥነታችን ይቀንሳል ብላችሁ አትሳሱ።

እኔ ላንተ የምፈራልህ እንቅልፍ ማጣቱን ነው። ሶስት ሰው ማለት ሁሌም አንዱ ነቅቶ ሁለቱ የሚተኙበት ጀልባ ነው፣ ነቅቶ ያለው ሰው ከደከመ ጀልባዋ ላይ ማንም የለም ማለት ነው። እኔ በመጀመሪያ ጉዞዬ ሁለተኛው ሌሊት ላይ ሲያስመልሰኝ ውሎ እንደታመምኩ ደብቄ ተራዬን ቆምኩ፣ ውሃም አልጠጣሁም፣ ከዛ መሪው ጋ ተቀምጬ አሸለበኝ፣ ንፋሱ በሸራው ጀርባ ገባና ቡሙ፣ ማለትም የሸራው ግርጌ የሚታሰርበት አግዳሚ ምሰሶ፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በሃይል ተወረወረ። ሰው ቆሞ ቢሆን ጭንቅላቱን ነበር የሚመታው። ቡሙን ወደፊት ወጥሮ የሚይዘውን ገመድ ያላሰርኩት እኔ ነኝ፣ መታመሜን ያልተናገርኩትም እኔ ነኝ፣ እስከዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል። ስለዚህ ካመመህ ተናገር፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶስት ቀናት ብዙ ሰው ያመዋል፣ ነውር የለውም። መድሃኒቱን ሐኪም ጠይቀህ ከመነሳትህ በፊት ጀምረው፣ ካመመህ በኋላ የዋጥከው ክኒን ተመልሶ ነው የሚወጣው። አንዳንዱ ክኒን ደሞ በጣም ያስተኛል፣ መጀመሪያ የብስ ላይ ሆነህ ሞክረው።

የዘብ ተራው እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ ከምሽቱ 2 እስከ 5፣ ከ5 እስከ 8፣ ከ8 እስከ 11፣ ከ11 እስከ ጠዋቱ 2። ሶስት ሰዓት ትቆማለህ ስድስት ሰዓት ታርፋለህ። አራት ተራ ለሶስት ሰው ስለሆነ በየሌሊቱ አንዳችሁ ሁለቴ ትቆማላችሁ፣ ያም በየቀኑ ይዞራል፣ ማንም አይበደልም። ቀን ላይ ደሞ ያላንዳች ይሉኝታ ተኛ፣ እንግዳ ነኝና ልርዳቸው እያልክ ስትሯሯጥ አትዋል። በተራህ ላይ ቢያንስ በየ15 ደቂቃው ተነስተህ ዙሪያውን በደንብ እይ፣ በ20 ኖት (በሰዓት 37 ኪሎሜትር ገደማ) የምትመጣ መርከብ በ15 ደቂቃ ውስጥ ከ9 ኪሎሜትር በላይ ትጠጋሃለች። መርከቦች የት እንዳሉ የሚያሳየው መሳሪያ፣ ኤአይኤሱ፣ ስክሪን ላይ ምንም የለም ማለት ባሕሩ ላይ ምንም የለም ማለት አይደለም፣ ሁሉም ጀልባ ኤአይኤስ የለውም።

አሁን ደሞ የምለምንህ ነገር። ጀልባዋ በ6 ኖት ስትሄድ በሴኮንድ 3 ሜትር ነው የምትሄደው፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 185 ሜትር። ሌሊት ብትወድቅና የተኙት ከደቂቃ በኋላ ቢነቁ ጭንቅላትህን ሞገድ መሃል የት ብለው ያገኙታል? ስለዚህ ከታች ስትወጣ ገና ደረጃው ላይ እያለህ የላይፍ ጃኬትህን ገመድ ጀልባዋ ላይ እሰር፣ ስትገባም መጨረሻ ፍታው። ብቻህን ሆነህ ደሞ ወደ ፊት ለፊት ሸራው አትሂድ፣ ሰው ቀስቅስ፣ የተቀሰቀሰ ሰው ቢነጫነጭ ይነጫነጭ።

ጥያቄ፦ የምጠይቀው አጭር ነው። እኛም ሶስት ነን፣ ለውቅያኖስ ጉዞ ውሃ ስንት እንያዝ?

መልስ፦ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ በሰው በቀን 3 ሊትር አስቡ፣ ጉዞው ቢራዘም ብላችሁ ደሞ ጨምሩ። ለሶስት ሰው ለ25 ቀን ብቻ 225 ሊትር ይሆናል። ግን ከመጠኑ በላይ አቀማመጡ ያሳስበኛል፣ ሁሉም አንድ ታንከር ውስጥ ከሆነና ታንከሩ ካፈሰሰ ወይ የባሕር ውሃ ከገባበት አለቀ፣ የተወሰነውን በጀሪካን ለየብቻ አስቀምጡ። የባሕር ውሃ የሚያጣራ ማሽን ቢኖራችሁም እንዲሁ አድርጉ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ፣ ስለመለሳችሁልኝ አመሰግናለሁ። የጀልባዋ ባለቤት፣ ሰውየው፣ ብዙ ልምድ አለኝ ይላል። ልመነው?

መልስ፦ ምናልባት እውነቱን ይሆናል፣ አንተ ግን ከሱ ልምድ በላይ ሌላ ነገር አጣራ፣ እሱ ቢታመም ወይ ቢወድቅ አንተና ሚስቱ ጀልባዋን ማቆም ትችላላችሁ ወይ? ሸራውን አውርዶ ሞተር ማስነሳት፣ በቪኤችኤፍ (የመርከብ መገናኛ) ሬዲዮ በአደጋ መጥሪያው ቻናል 16 መጥራት፣ በሳተላይት የድረሱልኝ ምልክት የሚልከውን ኢፐርብ መክፈት፣ የወደቀን ሰው ከውሃ ማውጣት፣ እነዚህን በእጃችሁ ሰርታችሁ እዩ። ውቅያኖስ መሃል ሄሊኮፕተር አይደርስም፣ የሚደርስላችሁ በአቅራቢያ የምታልፍ መርከብ ናት፣ እስክትመጣም ረጅም ሰዓት ሊሆን ይችላል። ከዋናው ጉዞ በፊት ሁለት ሌሊት የሚታደርበት አጭር ጉዞ አብራችሁ እንድትሄዱ ጠይቀው፣ እዛ ላይ ድካም ሲመጣ ማን ምን እንደሆነ ታያለህ፣ ሚስቱ ላይ እንዴት እንደሚናገር ሁሉ ታያለህ። ጊዜ የለንም፣ መንገድ ላይ ትለምደዋለህ ካለህ ግን እኔ ብሆን አልሳፈርም።